የስድስተኛው ቁራጭ ቃላት

«ግብዣ» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌውን በከንፈራቸው፣ የቃላት ካርዶቹን በእጃቸው እንደያዙ። መርፌ በአፍ ይዞ መናገር አደጋ መሆኑን ስንቴ ቢነገራቸውም አይሰሙም።

«ፓርሊ» አለች ልጃቸው።

«መሸኘት።»

«ፎርሰይክ።»

«የጦር ፈረስ።»

«ራምፓርት።»

«እሰይ የኔ ልጅ። ስድስተኛውን ቁራጭ ጥርግ አድርገሽ ይዘሽዋል።» ልብስ ሰፊዋ ካርዶቹን አስተካክለው ወደ ልጃቸው ጓደኛ ዞሩ። «ከሁሉም ያንቺ ነው ቶሎ የሚገባት። አስረጂ ነሽ፣ ተባረኪ።»

ጓደኛዋ የጨርቅ ቁርጥራጭ በተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር። አፏ ፈጣን ስለሆነ «ጮሌ» ይሏታል። ተባረኪ ሲሏት ግን ከጆንያው የወጣ ክር መምዘዝ ያዘች። ሦስቱም ትርጉም ውሸት ነበር፤ ውሸቱን የፈጠረችውም እሷው ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝኛ መምህርታቸው አንድ ወፍራም የታሪክ ልቦለድ አላቸው። በጠላት ስለተከበበች ጥንታዊ ከተማ የሚተርክ፣ ዛሬ በመንገድ ላይ የማይሰማ ከባድ እንግሊዝኛ የሞላበት። አንድ መጽሐፍ ለስምንት ተማሪ አይዳረስም። ስለዚህ ቲቸር በምላጭ ከስምንት ቆራርጠው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በክር ሰፍተው አደሏቸው፤ ሲቆርጡት እንዴት እንዳሳሳቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ሁሉም የደረሰውን ያነባል፣ አስር ከባድ ቃላት መርጦ ከቤተ መጻሕፍቱ መዝገበ ቃላት ትርጉማቸውን ያወጣል፣ ተራው በደረሰበት ማክሰኞ ቆሞ ታሪኩንም ቃላቱንም ለሌሎቹ ያስተምራል።

ጮሌ ስድስተኛውን ቁራጭ አንብባለች፤ እሱ እንኳ እውነት ነው። ቤተ መጻሕፍት መሄድ የነበረባት ሰኞ ግን ፊልም ስታይ ዋለች። ማክሰኞ ጠዋት ቁርሷን እየጎራረሰች አስሩን ትርጉም ከራሷ አወጣች። ሁለት የጦር አዛዦች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፣ እንግዲያው ፓርሊ ግብዣ መሆን አለበት። ቲቸር በዚያ ቀን አሟቸው ቀርተው ነበርና የሚያርማት አልነበረም። ልጆቹ አጨበጨቡላት። ረጅሙ የሚባለው ልጅ እንኳ፣ ማንንም የማያደንቀው፣ «አሪፍ ነው» አላት።

ከሳምንት በኋላ ሆዷ አላስችል ብሏት መዝገበ ቃላቱን ገለጠች። ሦስት ቃላት አየች፤ ሦስቱም ስህተት። አራተኛውን ሳታይ ዘጋችው። መቼስ ሰው የፈራውን ነገር አለማየት የሚያድነው ይመስለዋል።

ፈተናው ነገ ጠዋት ነው። ከስምንቱ ቁራጭ ሰማንያ ቃል። ሰባ አምስት ያመጣ ወደ ከፍተኛው የእንግሊዝኛ ክፍል ያልፋል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ የያዘችውን ሳትጨርስ ስለማትለቅ «ጉንዳን» የሚሏት፣ አምና በሁለት ነጥብ ነው የወደቀችው። አስር ቃል ከተሳሳተች ዘንድሮም መውደቋ ነው።

«እኔም ለምጃቸዋለሁ እኮ» አሉ ልብስ ሰፊዋ እየሳቁ። «ትናንት ደንበኛዬን እስከ በር ፎርሰይክ አደረግኋት። ምን አለች መሰላችሁ? ‹ምነው፣ ተማሩ እንዴ?›»

ጉንዳን ሳቀች። ጮሌ አልሳቀችም።

«ስሚ» አለች ቀስ ብላ፣ «የኔን ቁራጭ ብትዘይውስ? ሌሎቹን ብትከልሺ ይሻላል።»

«አስር ነጥብ ነው፣ ምን ነካሽ? ደግሞ በሱ ነው የምተማመነው።»

«እሱ ነዋ ችግሩ።»

«ምኑ?»

ጮሌ ከጆንያው ላይ ተነሳች። ለምን እንደተነሳች አታውቅም።

«ውሸት ናቸው። ቤተ መጻሕፍት አልሄድኩም። ከራሴ ነው የፈጠርኳቸው።»

«አትፎግሪኝ ባክሽ።»

«አልፎገርኩሽም።»

ጉንዳን ካርዶቹን ከእናቷ እጅ ወስዳ አንድ በአንድ አየቻቸው። በሦስት ቀለም ነው የጻፈቻቸው፣ ጠርዛቸውን በፕላስተር ለብጣ።

«ሦስት ሳምንት» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ ቁጭ ብለሽ ስሸመድድ ትሰሚኛለሽ።»

«ልነግርሽ ነበር። ሁላችሁም ጎበዝ ስትሉኝ…»

«ተይው።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ከአፋቸው አውጥተው ጨርቅ ላይ ሰኩት። ጮሌ የሚቆጧት መስሏት ነበር። የግድግዳውን ሰዓት ብቻ አዩ። «ቤተ መጻሕፍቱ ሳይዘጋ ሂጂ» አሏት። የኔ ልጅ አላሏትም።

አስፋልቱን ግራ ቀኝ ሳታይ ተሻገረች። መኪና በሚበዛበት በዚያ ሰዓት፣ ደህና መድረሷ ራሱ ተአምር ነው። ወርቃማው ፊደል እስኪለቅ ያረጀውን መዝገበ ቃላት መደርደሪያ ላይ አገኘችውና ቆማ መጻፍ ጀመረች። ፓርሊ፦ ከጠላት ጋር ለድርድር መገናኘት። ራምፓርት፦ ከተማ የሚከላከሉበት ግንብ። ፎርሰይክ፦ የተማመነብህን ሰው ጥሎ መሄድ። ይህንን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

አስሩንም ለመጨረስ የፈጀባት ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ ብቻ።

ስትመለስ ጉንዳን ወረቀቱን ተቀብላ፣ ቀና ሳትል አዲስ ካርድ መቁረጥ ያዘች። ጆንያው ላይ የተጣጠፈ ጨርቅ ተከምሮበታል። ተቀመጪ ያላት የለም።

«ልጠይቅሽ? ማለቴ፣ ላስጠናሽ?»

«እማዬ ታስጠናኛለች።»

በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ስድስት ልጆች ይቀራሉ። ምንም አያውቁም። ዝም ብትል ቲቸር ነገ ውጤቱን ሲያዩ ነው የሚነቁት፤ ያኔም ቢሆን ጉንዳን ካልተናገረች ስትቀዳ ተሳስታ ነው ይባላል እንጂ ውሸቷን የሚጠረጥር የለም። ብትናገር ግን ረጅሙ ለዓመት የሚበቃ መሳቂያ ያደርጋታል። ቤቷ በስተቀኝ ነው፣ እራትም ደርሷል።

ወደ ግራ ሄደች። ረጅሙ የሚኖረው ከጎማ ጥገናው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ወጣች። ስታንኳኳ ራሱ ከፈተ፣ አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ባዶ።

«ጮሌ፣ ምን እግር ጣለሽ? ነገ ፈተና እኮ ነው።»

«ደብተርህን አምጣ» አለችው። «እስክሪብቶም። የምትሰርዘው አለ፣ እዚሁ ቆሜ እነግርሃለሁ።»