ቡቺን የጠራችው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ እንኳን ላምን፣ አውሪው ላይ ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ፤ ጋኔን ጠራኝ የሚለኝን ሁሉ «ሂድና እንቅልፍህን ተኛ» ነበር የምለው፣ እመኑኝ።

በደርግ ጊዜ ብስራተ ገብርኤል ከእናቴ ጋር ስንኖር ቡቺ የሚባል ውሻ ነበረን፣ ድርቅናው ግን የበቅሎ ነው፤ ስጠራው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ይሰማኛል፣ ያየኛል፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ መንገዱን ይቀጥላል። አንድ ቀን የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ ቱፋ በራችን ላይ ቆመው «ስሚ ልጄ፣ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ለውሻ መርዝ ሊጥሉ ነው፣ ያንቺን ሰብስቢ፣ መርዝ ባለቤት አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም» አሉኝ። ቡቺን አጥር አይዘው፣ ገመድ አይበግረው! ከልኳንዳ ሳንባ እየለመንኩ ማስተማር ያዝኩ፣ «ቡቺ፣ ና!» እላለሁ፣ እሱ ግን ካልወረወርኩለት ንቅንቅ አይልም። እናቴማ «እኔስ እሱ አንቺን እያስተማረሽ ነው የመሰለኝ» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

መርዙ የተጣለ ዕለት፣ አመሻሹ ላይ፣ ቡቺ ጠፋ። የለመንኩትን ሳንባ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ፣ ከደጃችን ቦይ ማዶ ቁራጭ ሥጋ ላይ አጎንብሶ አየሁት። «ቡቺ! ና! በእናትህ ና!» ቀና ብሎ አየኝና ተመልሶ አጎነበሰ። እንዳልሻገር ቦዩ በጎርፍ ሞልቷል፣ ከንፈሬን ነክሼ ቀረሁ።

ያኔ ነው ከኋላዬ፣ ከጓሯችን በኩል «ቡቺ፣ ና» የሚል ድምፅ የሰማሁት፣ ረጋ ያለ፣ የማይለምን፣ የኔው የራሴ ድምፅ! ቡቺ ሥጋውን ትቶ ቦዩን ዘለለ፣ እኔን ዞር ብሎ እንኳን ሳያይ አልፎኝ ወደ ጓሮ ገባ፣ ተከትዬው ሮጥኩ፣ ማንም የለም። የተቆለፈው ዕቃ ቤት በር ፊት ቁጭ ብሎ፣ የሰው ፊት በሚሆንበት ከፍታ ላይ አንጋጦ እያየ፣ ጭራውን እየቆላ የሆነ ነገር ያላምጣል። መርዝ መስሎኝ አፉን ፈልቅቄ አየሁ፣ ሳንባ ነው። የኔ ሳንባ እጄ ላይ እንደተጠቀለለ ነው።

እናቴ ከጓዳ «ምነው፣ አንዴ ከደጅ አንዴ ከጓሮ ትጠሪዋለሽ?» አለች። «መጥቷል» አልኳት።

ጠዋት የሰፈሩ ውሾች በየመንገዱ ወድቀው ተገኙ፣ ቡቺ ግን ብዙ ዓመት ኖረልኝ። ክፉ ነገር ቢሆን መች ያድነው ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ውሻዬን እስኪሞት ድረስ ድምፄን አውጥቼ ጠርቼው አላውቅም። ብጠራው ያቺ የጓሮዋም አብራኝ ትጠራዋለች ብዬ ፈራሁ፣ ከሁለታችን ወደየትኛዋ እንደሚሄድ ደግሞ አውቃለሁ።