ከኮፈኑ ላይ የበረረችው ወፍ

ወፏ የለችም።

የመኪናዋ ኮፈን ጫፍ ላይ ክንፏን ዘርግታ የነበረችው የኒኬል ወፍ፣ ጠዋት ጋራዡ ሲከፈት የለችም። ከሷ በፊት መሪው ፊት ያለው የክሩስኮቱ ሰዓት ጠፍቷል። ከሰዓቱ በፊት የመሳቢያው እጀታ።

መርማሪዋ መኪናዋን ዞረቻት። አሮጌ ናት ቢሏት አታምንም ነበር። ሞተሩ ይሠራል፣ ቀለሙ ተቀብቷል። የቀረው ጥቃቅኑ ነው፤ የመስታወቱ ጎማ፣ በሩ ላይ የምትሰመረው ቀጭን ነጭ መስመር። ቀለም ቀቢው የብሎኖቹን ጭንቅላት ሳይቀር ወደ አንድ አቅጣጫ አሰልፏል።

«ማንን ይጠረጥራሉ?» አለች።

«መጠርጠር ምን ያደርጋል? ይኸው ቆሟል!» አለ ባለመኪናው፣ ቀለም ቀቢውን እየጠቆመ። መኪናዋ የአባቱ ናት። ሟች ወንድሙ እዚህ፣ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ አቁሟት ኖሮ አሁን እሱ እያሳደሳት ነው። ስታልቅ ይዟት ይሄዳል። «ቁልፉ በእጁ ነው። ዛሬውኑ ይታሰርልኝ።»

«እኔ? እንደ ልጄ አሽሞንሙኜ ለዚህ ያደረስኳትን?»

«ልጅህን ሸጥካታ!»

«ሁለታችሁም ዝም» አለች መርማሪዋ። ጩኸት አትወድም። ቤቷም ጩኸት የለም። ድመት እንኳን የለም።

ቀደም ብላ የሰፈሩ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ጋ ሄዳ ተመልሳለች። «የተሰረቀ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው» ብሎ ስቆባታል። «ይሄኛው ሌባ ግን ንቆኛል።»

ጥግ ላይ የሟች ሚስት በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሻይ አቅርበዋል።

መርማሪዋ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ አለች። ጭረት የለም። አንገቷን ስታዘነብል ግን፣ ወፏ በነበረችበት ዙሪያ ቀለሙ ደብዝዟል። አራት ማዕዘን ሆኖ።

«ይሄ ምንድነው?»

ቀለም ቀቢው አየ። ሌባ ሲሉት ያልተለወጠ ፊቱ አሁን ተለወጠ።

«ፕላስተር! አዲስ ቀለም ላይ ፕላስተር! የትኛው ከብት ነው?»

«ለምን ይለጠፋል?»

«ጌጥ ሲነቀል ቀለሙ እንዳይጫር ዙሪያው በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ከዚያ ከሥሩ ክር ገብቶ ወዲህ ወዲያ ይሳባል።»

«ይኸው በአፉ!» ባለመኪናው አጨበጨበ። «ከሱ ሌላ ይህን ማን ያውቃል?»

«አንተ ብትሆን ትለጥፍ ነበር?» መርማሪዋ ቀለም ቀቢውን ጠየቀችው።

«አብጃለሁ? ቀለሙ እኮ ላይ ላዩን ነው የደረቀው። ሙጫው ይበላዋል። ፕላስተር የለጠፍኩት ድሮ፣ አሮጌው ቀለም ላይ ነው። መጀመሪያ ወፏን ስነቅላት።»

ነገሩ ገባት። የነቀለው ሰው ሲሠራ አይቷል፤ ሠርቶ ግን አያውቅም።

«ያኔ አጠገብህ ማን ነበር?»

ቀለም ቀቢው ወደ ጥግ ላለማየት ጣሪያውን አየ።

«እናቴ፣ ቤቱን ያሳዩኝ» አለች መርማሪዋ ወደ በርጩማው ዞራ።

ትልቅ ጠረጴዛ። ወንበሮቹ ሁሉ ጨርቅ ለብሰዋል፤ ካንዱ በቀር። የግድግዳ ሰዓት የለም። ከመኝታ ቤት ግን ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

ቁምሳጥኑን ከፈተችው። የሟች ካፖርት ተሰቅሏል። አንዱ ኪስ ውስጥ ወፏና እጀታው። ሌላኛው ውስጥ ሰዓቱ፣ እየሠራ።

«ማን ሞላው?»

«እኔ። ሲቆም ቤቱ ይጨንቃል።» ሴትዮዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ለምን ወሰዱት?»

«ቀለም ቀቢው ጠዋት መጥቶ ያንኳኳል፣ ልጄ። ያፏጫል። ሻይ የለም እንዴ ዛሬ ብሎ ይቆጣኛል። እጀታው ሲጠፋ ሌላ ፍለጋ ተንከራተተ፤ ሥራው ቆየልኝ። ሰዓቱንም ወሰድኩ። ትናንት ዋርሳዬ ሌላው ይቅር፣ ነገ ይዣት እሄዳለሁ ሲል ማታውኑ ወፏን ነቀልኳት። ያለ ወፏ አይወስዳትም ብዬ…»

«ሰውየው ሊታሰር እኮ ነው።»

«ፖሊስ ይጠራል ብዬ መች አሰብኩ?» እጃቸውን አፋተጉ። «ከነገርኩት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።»

«ካልነገሩት ጣቢያ ነው የሚያድረው። እኔ ልናገር ወይስ እርስዎ?»

ሴትዮዋ ዕቃዎቹን በቀሚሳቸው ቋጥረው ወጡ። ኮፈኑ ላይ አንድ በአንድ ደረደሩ፤ እንዳይጫር ከሥር መሐረብ አንጥፈው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ባለመኪናው ሳቀ። ከዚያ አልሳቀም። «አንቺ? በገዛ ቤትሽ?»

«ቤቱ የኔ ነው። መኪናዋ ያንተ ናት። ሰርቄሃለሁ። እሱን ተወው።»

«ለምንድነው?»

«ስታልቅ ማንም ስለማይመጣ።»

ባለመኪናው ክሱን ሲያነሳ ድምፁ አይሰማም ነበር። ቀለም ቀቢውን ይቅርታ አልጠየቀም፤ ቁልፉን ብቻ አሽከረከረ።

ቀለም ቀቢው ሥራውን ጀመረ። የደበዘዘውን በእጁ አሻሸ፣ አበራ። ወፏን ተከለ። ሰዓቱን ገጠመ። ነጯን መስመር ትንፋሹን ይዞ ከጫፍ ጫፍ ሳባት፤ አልተንቀጠቀጠችም። አላፏጨም። ሻዩን አልነካም።

«እትዬ» አለ ሲወጣ። ሄደ።

መኪናዋ ፀሐይ ላይ ወጣች፤ ታጥፋ ተሰወረች። ጋራዡ ውስጥ የዘይት ነጠብጣብና በርጩማ ቀሩ።

መርማሪዋ ቦርሳዋን አነሳች።

«ልጄ፣ ጣቢያ መምጣት የለብኝም? ቃል መስጠት፣ መፈረም ምናምን?»

ክሱ ተነስቷል። የሚፈረም የለም። ይህንኑ ልትል ነበር፤ ባዶውን ጋራዥ አየች።

«ነገ ከሰዓት ይምጡ» አለች። «ግን ይቆያሉ። ወረፋ አለ።»

ሴትዮዋ ቀና አሉ።

«ብዙ ሰው?»