በአባ ብሎን መኪና ሥር

አባ ብሎን የሞተው የጎማ ቱቦ ጆሮው ላይ እንደደገነ ነበር። አሮጌ ታክሲው ደረቱን ተጭናዋለች፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ከሞተሩ ሥር ተጋድሟል። ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣለት መንገድ ላይ የወደቀ ብሎን ሁሉ እየለቀመ ኪሱ ስለሚከት ነው። መኪናዋ ስትታመም ጋራዥ መውሰድ አያውቅም። ማታ ካርቶን ከሥሯ ይዘረጋል፤ ጠዋት የተንጠባጠበውን በቀለሙና በሽታው ይለያል። ድምፅ ስታሰማ ደግሞ ሰው ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ነዳጅ እያሰጠ፣ እሱ ከሥር በቱቦው እያዳመጠ በሽታዋን ያድናል። የተበላሸውን ሳያረጋግጥ አምስት ሳንቲም አያወጣም፤ ካረጋገጠም በኋላ ማውጣቱ ያመዋል።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ጉዳዩን ጨርሰውት ነበር። የሟቹን አማች፣ የሰፈሩን መካኒክ፣ በካቴና አስረው አጥር ሥር አስቀምጠውታል። መርማሪዋን ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፤ ትወጋለችም።

«መኪናዋን ያነሣው ክሪክ የእሱ ነው፤ ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል» አለ ጢማሙ ፖሊስ። «ሌላ ምን ቀረ?»

«ማየት ቀረ» አለችና ተንበረከከች።

ክሪኩ ወደ ፊት ተገፍቶ ወድቋል እንጂ ቁመቱ አልቀነሰም። የኋላው ጎማ አፈሩን ፍቆታል፤ ታኮ የነበረው ድንጋይም ተፈናጥሮ ሄዷል። የሟቹ ጥፍር ውስጥ የጎማ ጥላሸት አለ። ከዚያ ተነሥታ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ነው፣ የእጅ ፍሬኑ እስከ ላይ ተስቧል። ምንም ሳትነካ ወደ መካኒኩ ሄደች።

«ክሪክህ ሰው ገደለ ይላሉ።»

«ክሪኬ ደህና ነው፤ ይዩት።»

«ጸቡስ?»

«የሚያንኳኳው ካምቢዮው ነው አልኩት። የለም፣ ሞተሩ የሚያርፍበት ጎማ ነው አለኝ። ደንበኞቼ ፊት 'አንተ ዕቃ ለዋጭ እንጂ መካኒክ አይደለህም' ብሎ አዋረደኝ። ተናድጄ እገልሃለሁ ብያለሁ፤ አልክድም።»

«ማን ልክ ነበር?»

መካኒኩ መሬት መሬት አየ። «እሱ። የሚያናድደውም ይኸው ነው።»

«የእጅ ፍሬኑስ እንዴት ነው?»

«ፍሬን ይበሉታል? ገመዱ ከተበጠሰ ሁለት ዓመት ሆነው። አዲስ ግዛ ስለው 'ድንጋይ በነፃ ነው' አለኝ። ማርሽ ውስጥ አስገብተን፣ ድንጋይ አስደግፈን ነው የምናቆማት። ያን ዘንግ ከቤተሰቡ የሚነካው የለም።»

«ፍሬን ላይ ሲሰስት የመጀመሪያው ነበር?»

መካኒኩ ወደ ቤቱ በር ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ድሮ መኪናዋን የሚነዳት ታላቁ ልጁ ነበር። ፍሬኑ ይለወጥ ብዬ አባትየውን ለመንኩት፤ እሱ አሮጌውን አጥቦ መለሰው። ቁልቁለት ላይ እምቢ አለና አንዲት ተማሪ ሞተች። ችሎት ቆሞ 'ፍሬኑን በእጄ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነበር፤ ጥፋቱ የልጁ እግር ነው' አለ። ልጁ አራት ዓመት ታሰረ። የወጣው ዘንድሮ ነው፤ እዚህ ግን አልመጣም።»

«አንተ እውነቱን እያወቅህ?»

«የሚስቴ አባት ነው። ዝም አልኩ።»

«ጥሩ አማች ነህ» አለችው መርማሪዋ፤ ካቴናውንም ሳታስፈታለት ሄደች።

ቀጥሎ ያነጋገረችው ከአጥሩ ማዶ የምትኖረውን ልብስ ሰፊ ነው። ነገር ከሆዷ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።

«ሞተሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። እሱ ሲያዝ ይሰማኛል፤ የሚታዘዘውን ሰው ድምፅ ግን አልሰማሁም። ከዚያ ጓ! አለና ሞተሩም ጸጥ።»

«ሚስቱ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ቆመው። ቀሚሳቸውን እየቀመቀምኩላቸው ነበር። ደንግጬ 'እትዬ፣ ምንድን ነው?' ስላቸው 'ብረት ሲጥል ነው፤ ቅምቅማቱን ጨርሺ' አሉኝ። ዞሬ ጨረስኩት።»

ሚስትየው አልጋዋ ጫፍ ላይ አዲሱን ቀሚስ እንደለበሰች ተቀምጣለች። አጠገቧ ታላቁ ልጇ አለ፤ አባቱ መሞቱ ተደውሎለት ከሌላ ከተማ አሁን መድረሱ ነው ተብሏል። ሻንጣውን ገና ከትከሻው አላወረደም። እርጉዝ ሴት ልጇ፣ የመካኒኩ ሚስት፣ በሩን ተደግፋ ታለቅሳለች።

«ድምፁን ሲሰሙ ለምን አልሄዱም፣ እናቴ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ሲጥል ሰምቻለሁ።»

«ጠላት ነበረው?»

«አማቹ አለ አይደል? እገልሃለሁ ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እማዬ!» አለች ልጅቱ። «ተናዶ ነው እኮ!»

«የሰማሁትን ነው የተናገርኩት።» ሴትዮዋ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

ልጅቱ መርማሪዋን እስከ ግቢው ተከትላ ወጣች። «ልወልድ ወር አልቀረኝም፤ ባሌን ይወስዱብኛል?»

«እሱ በእጁ ላይ ነው» አለቻት መርማሪዋ። ልጅቱ ይህን ስድብ ይሁን ተስፋ አላወቀችም።

አስከሬኑ ከተነሣና መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ግቢው ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። መርማሪዋ የመካኒኩን ካቴና አስፈታች።

«አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ተራ በተራ መኪናዋን አስነሥታችሁ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ውሰዱና፣ አቁማችሁ ውረዱ።»

«እኔ መንዳት አላውቅም» አለች ሚስትየው።

«እርስዎ ቀሚስዎን ያሳዩናል፤ ይቀመጡ።»

መካኒኩ ገባ። ነዳ፣ አጠፋ፣ ማርሽ ከተተ፤ እንደወረደም ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ልጅቱ ሆዷን ከመሪው ጋር እያታገለች ገባች። እሷም ሳታስበው ማርሽ ከተተች፣ ድንጋዩን በእግሯ ገፋ አደረገች። ሦስተኛው ታላቁ ልጅ ነበር። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ለወጥ አለ፤ እጁ የድሮ ሥራውን ያገኘ ይመስል ነበር። ነዳ፣ ማርሹን ዜሮ አደረገ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ሞተሩን አጠፋና ወረደ።

መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። መካኒኩ ዘሎ ድንጋዩን ባይደግፍላት በሩን ይዛው ትሄድ ነበር።

መርማሪዋ ቱቦውን ከመሬት አነሣች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አለች። «ሰው ዝም ያለ ሞተር በቱቦ አያዳምጥም፤ ስለዚህ ሲሞት ሞተሩ ይሠራ ነበር። ሥር የተኛ ሰው ነዳጅ አይረግጥም፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ሰው ነበር። ጎማው አፈር ፍቋል፤ ስለዚህ ያ ሰው ማርሽ አስገብቶ ነድቶበታል። የሟቹ ሚስት መርፌ የተሰካበት ቀሚስ ውስጥ ቆመው ነበር። መካኒኩና ሚስቱ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ እንደማይዝ ስለሚያውቁ አይነኩትም። ዛሬ ጠዋት ግን ተስቦ አገኘሁት፤ መኪናዋን ከመንሸራተት የያዛት የሟቹ አካልና የወደቀው ክሪክ ነበር። የሳበው መኪናዋን የሚያውቃት፣ ግን ፍሬኗ ደህና በነበረበት ጊዜ የሚያውቃት ሰው ነው።»

ወደ ልጁ ዞረች። «እጅህ ከአንተ ይልቅ እውነተኛ ነው።»

ልጁ ሻንጣውን አወረደ። ሊዋሽ አፉን ከፈተና ተወው።

«ልጠይቀው ብቻ ነበር የመጣሁት» አለ። «ከሥር ሆኖ 'መጣህ? ግባና ነዳጅ ስጥ' አለኝ። እስር ቤት እንዴት ነበር እንኳ አላለኝም። 'ያኔ ፍሬኑን ታውቅ ነበር?' አልኩት። 'አውቅ ነበር፤ አዲሱ ውድ ነው። አሁን ስጥ፣ ድምፁ ሊጠፋብኝ ነው' አለኝ።» ወደ ቀኝ እግሩ አየ። «ሰጠሁት።»

ጢማሙ ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። መርማሪዋ ግን ገና አልጨረሰችም፤ ሚስትየው ፊት ቆመች።

«ቅምቅማቱን ለምን አስጨረሱ?»

«የልጄን እግር አውቀዋለሁ» አለች ሚስትየው። «ነዳጅ ሲሰጥ ለስለስ ያደርገዋል። ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ገና ሞተሩን ስሰማ እሱ መሆኑን አውቄአለሁ። የሚወጣበት ጊዜ ሰጠሁት።»

«ባልዎ ወዲያው አልሞተም። ጎማውን ሲቧጥጥ ነበር።»

«ባውቅም አልመጣም ነበር።»

ልጅቱ እናቷን እንደ ማታውቃት ሰው አየቻት። «ባሌስ፣ እማዬ? ባሌን በእሱ ምትክ ልትሰጪያቸው ነበር?»

«አንቺ ወጣት ነሽ፤ ባል ታገኛለሽ። እኔ ሌላ ልጅ ከየት አመጣለሁ?»

«እኔስ?» አለች ልጅቱ። «እኔ ምንሽ ነኝ?»

እናት እጇን ወደ ልጇ ሆድ ሰደደች። ልጅቱ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ይኸኛው አያት የለውም።»

ታላቁ ልጅ በካቴና ሲወሰድ «እማ» ብሎ ተጣራ። እናትየው ግን በዚያ ሰዓት ወደ እሱ አልዞረችም፤ በሌላው በኩል የምትሄደውን ሴት ልጇን ታያለች። መካኒኩ አማቱን ሊሰናበት ይሁን ሊሰድብ ዞር ብሎ ነበር፤ ሚስቱ ክንዱን ይዛ አወጣችው።