ፊት የተነሳው አባት

ወርቁ ከእናቱ ማህፀን ቆዳውም ፀጉሩም ነጭ ሆኖ የተወለደ፣ ፀሐይ የዕድሜ ልክ ጠላቱ የሆነችበት ሰው ነበር። ሰበታ ውስጥ ክር ፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ እየሠራ፣ ሚስቱ በወሊድ ስትሞት ጥላለት የሄደችውን ልጁን ሮዳስን እናትም አባትም ሆኖ አሳደጋት። ደግ ቀንማ መጥቶ ነበር! ሮዳስ ባንክ ተቀጠረች፤ ዮኒ የሚባል ጨዋ ልጅ ወደዳት፤ ሽማግሌ የሚመጣበት ቀንም ተቆረጠ። መከራ በሩን ያንኳኳው ያኔ ነው...

በወርቁ ግንባር፣ ጉንጭና ከንፈር ላይ የወጡት ቅርፊታም ቁስሎች ወደ ካንሰር እያመሩ ነው ተባለ። የቆዳ ሐኪሟ ቅባት አዘዘችለት። «ቆዳዎ ስስ ስለሆነ ይቀላል፣ ይቆስላል፣ ይላጣል። ደንግጠው እንዳያቋርጡ፤ መቁሰሉ መሥራቱ ነው» አለችው። ወርቁ ቻለው። በጓንት ይቀባል፣ ትራሱ እንዳይጣበቅበት በጀርባው ይተኛል፣ በርበሬ አፉን ስለሚለበልበው አልጫ ብቻ ይቀምሳል። ፊቱ ግን ጥሬ ሥጋ መሰለ። አንድ ቀን ታክሲ ተራ ሊቀበላት ቢመጣ፣ ሮዳስ ከባልደረቦቿ ጋር ስለነበረች እንዳላየችው ሆና አለፈች።

የሽምግልናው ዋዜማ አንገቷን ደፍታ፣ «አባዬ... ነገ አጎቴ ቢቀመጥልህስ? በዚህ ፊት...» አለችው።

«እሺ የኔ ልጅ» አለ ወርቁ። ፈገግ ሲል ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደማ።

በማግስቱ ወርቁ ጓዳ ገባ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ኦቦ ነገሳ ግን እንደ ወጉ እንደቆሙ፣ «አባቷስ?» ብለው ጠየቁ።

«ተፍኪ ለቅሶ ሄዷል» አለ አጎቷ።

«እንግዲያው ሌላ ቀን እንመለሳለን። አባት በሕይወት እያለ ልጁን ከሌላ ሰው አንለምንም።»

ወርቁ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ሰማ። ሮዳስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች!

ከወር በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ የወርቁ ፊት ጠግጎ ነበር። ሮዳስ መድኃኒቱ ሠራ ብላ ፈነጠዘች። ወርቁም ተቀምጦ ልጁን ሰጠ፣ መረቀ። ተደገሰ፣ ተዳረች።

ምነው ደስታዋ እዚያ ላይ በቆመ! ዓመት ሳይሞላ ዓይኑ ሥር ያለው ቁስል አመረቀዘ። ሐኪሟ መርምራ፣ ነቀርሳው አጥንት ውስጥ ገብቷል አለች። «ቅባቱን መቼ አቋረጡ?»

ወርቁ ልጁን እንጂ ሐኪሟን አላየም። «ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ የሄዱ ዕለት ነው። እስኪመለሱ ፊቴ ይሻርልኝ ብዬ... እንዳላሳፍርሽ።»

ሮዳስ እሪ አለች። ምን ዋጋ አለው? ወርቁ አልጋ ከያዘ ወዲህ ዮኒ ወደ ክፍሉ በገባ ቁጥር ነጠላውን ፊቱ ላይ ይስብ ነበር። አንድ ከሰዓት ሮዳስ ነጠላውን ገለጠችና ቁስሉን ሳመችው።

«ተይ ልጄ... ይሸትሻል» አላት። የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ሆነ።

በቀብሩ ዕለት ኦቦ ነገሳ፣ «ልጄ፣ የአባትሽን ፎቶ አምጪ፤ ለቀስተኛው ይዞት ያልቅስ» አሏት። ሮዳስ የሠርጓን አልበም አገላበጠች፤ ስልኳን በረበረች። ፎቶ አንሺው ሲጠራው ወደ ኋላ የሸሸ ጀርባ አለ፤ ጫፉ የታየ ባርኔጣ አለ። ፊቱ ግን የለም! አንድም ቀን «አባዬ፣ ና አብረን እንነሳ» ብላው አታውቅም። ሞትስ የሁሉም ዕጣ ነው፤ ማን ያመልጠዋል? አባትን በቁሙ ፊት መንሳትን ግን ዕጣ ነው ብሎ ማን ይጽናናል? ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ የሟቹን ፎቶ ይጠብቃል፤ ሮዳስ ባዶ እጇን ወጣች።