ሰባት ቤት የተቆጠረለት ዘፈን

ሙኒት ቀናተኛ ናት። ይህን ደብቆ ታሪኳን መጀመር ውሸት ይሆናል፤ ከወዲሁ ይታወቅ። ግን ጮኻ የምትቀና አይደለችም። ዝም ብላ ከውስጥ የምትጨስ ናት፤ እንዲህ ያለችው ደግሞ ትብሳለች።

ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ናታንያ በምትባል የእስራኤል ከተማ ባለ አንድ ክሊኒክ የሰው ጆሮ ትመረምራለች። ሊያድ የሚባለውን ወጣት ያገኘችውም እዚያው ነው፤ አባ ገበየሁ የሚባሉ ሽማግሌን ክንድ ደግፎ ገባ።

«አያትህ ናቸው?» አለችው።

«አይደሉም። አኮርዲዮን ተጫዋች ናቸው» አላት፣ ከአያትነት የሚበልጥ ማዕረግ ይመስል።

ሽማግሌውን ጠባቧ ክፍል አስገብታ ማዳመጫ አደረገችላቸው፤ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቁልፉን እንዲጫኑ ነገረቻቸው። ቀጭኑን ድምፅ ጭራሽ አልሰሙትም። ወፍራሙ ሲመጣ ግን ቁልፉን ትተው በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመቱ ጀመር። ሙኒት ከመስታወቱ ወዲህ ሳቋ አመለጣት። ቀና ስትል ሊያድ የሚያየው ሽማግሌውን ሳይሆን እሷን ነው። ዓይኑን አልሰበረም። እሷም አልሰበረችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አባ ገበየሁ አስመራ ውስጥ ከዘፋኞች ጀርባ ቆመው ይጫወቱ ነበር። እሳቸው በሚያመሹበት ሆቴል ትሁኔ የምትባል ወጥ ሠሪ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግጥም ግን ከአፏ እንደ ውኃ ይወርዳል። እሷ ስትደረድር እሳቸው ዜማ እየሰጡ፣ ሁለቱ ሦስት ዘፈን ሠሩ። ሸክላው ሲታተም የተጻፈው የዘፋኙ ስም ብቻ ሆነ። ለዘፋኙ ጭብጨባ፣ ለእነሱ አንድ አንድ ብርጭቆ ሻይ።

የልምምዱ ቴፕ ሰው ቤት ተጥሎ ኖሮ ሊያድ እጅ ገባ። ሊያድ ድምፅ የሚቀዳው ዶራ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ሕንፃ ሥር ባለ ሚክላት ውስጥ ነው፤ ሮኬት ሲመጣ ሰው የሚሸሸግበት መጠለያ። ሰላም ሲሆን ዘፈን ይሸሸግበታል።

ከዚያ ወዲያ ሙኒት ከሥራ ስትወጣ እግሯ ወደ ሚክላቱ ሆነ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ቡሬካስ የሚሉትን ባለ አይብ ዳቦ ይካፈላሉ፤ ከማዳመጫው አንዱን ጆሮ እሱ፣ አንዱን እሷ ይይዛሉ። ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ፤ ማንም አይሸሽም።

«ይሰማሻል?» አላት አንድ ቀን። «የአባ ገበየሁ ጫማ ነው። በእግራቸው ምት ሲይዙ።»

«የሰውየውን ጫማ ከስልሳ ዓመት በኋላ ሰማህ» አለችው። «እኔ ትናንት ያልኩህን ግን አልሰማህም።»

«ምን አልሽኝ?»

«እኮ።»

ከዚያ ሐጊት መጣች። ዘፋኝ ናት፣ ኤይን ሀትኽሌት ከሚባል ሌላ ሰፈር። ሊያድ ሦስቱን ዘፈኖች እንደገና ሊያስዘፍናት ፈለገ።

«ድምፅዋ ልክ ነው» አላት ለሙኒት። «ስንት ሰው ሞከርኩ፣ አልሆነም።»

«አንገቷም ልክ ነው መሰለኝ» አለች ሙኒት።

ሳቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙኒት ደረጃው ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ከብረቱ በር ኋላ የሐጊት ድምፅ ይመጣል። ሲያምር ትናደዳለች። ሲሰነጠቅ ደስ ይላታል፣ በደስታዋ ደግሞ ታፍራለች።

ይባስ ብላ አክስቷ ማናለሽ ወሬ ይዛ ገባች። ማናለሽ ወሬ ይዛ ስትመጣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ነው የምትቀመጠው።

«ያ የዘፈኑ ልጅ፣ ያንቺው» አለች፣ «የሐጊት አያት ቤት ሰባት ቤት ሲቆጥር ዋለ አሉ። እየጻፈ፣ በወረቀት።»

«ማን አለ?»

«ያየ ነዋ። አያትየው እየጠሩ፣ እሱ እየጻፈ። እኔ እንግዲህ የሰማሁትን ነው።»

በእኛ ዘንድ ወጣት ወንድ የሴት ልጅ ቤት ገብቶ አባት አያት ካስቆጠረ ለሌላ አይደለም፣ ለጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከጠፋ ይጋባሉ። ከተገኘ እህትና ወንድም ናቸው፤ አለቀ።

ሙኒት አራት ቀን ስልኩን አላነሳችም። በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ የሚክላቱን በር በርግዳ ገባች። ሐጊት ማይክራፎን ፊት ቆማለች፤ ሊያድ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ይቀጥላል።

«መቼ ነው ሠርጉ?» አለች ሙኒት።

«የማን ሠርግ?»

«ሰባት ቤት ያስቆጠርክበት።»

ሐጊት ማዳመጫዋን አወለቀች። «እኔን ከሆነ፣ ይቅርብኝ እህቴ» አለች ቦርሳዋን እያነሣች። «ይሄ ልጅ ሲበላ እንኳ በማንኪያው ምት ይመታል። ጭንቅላቴ አይችልም።» ወጣች።

ሊያድ ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። ስም በስም ላይ።

«ትሁኔን ፍለጋ ነው» አላት። «አባ ገበየሁ የሚያውቁት ስሟንና የአባቷን ስም ነው፣ ከወገራ መሆኗንም። የት ደረሰች፣ ማን ቀራት፣ አያውቁም። ዘፈኑ ላይ ስሟን ስጽፍ ዘመዶቿ ሰምተው የኛ ናት ይበሉ ብዬ ነው። የአባቷ ስም ቢወጣ ብዬ የወገራ ሰው ሁሉ ጋ እየሄድኩ አስቆጠርኩ። የሐጊትን አያት ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ቤት ገባሁ።»

ሙኒት ወረቀቱን ዐየች። ልቧ ሊያርፍላት ሲል አንድ ነገር ያዛት።

«እኛም ከወገራ ነን» አለች። «ቤታችን ከዚህ ሦስት ሕንፃ ነው። አሥራ አንድ ቤት ስትዞር የእኛን ለምን ዘለልክ?»

ወደ ሽቦው ጎንበስ አለ።

«ንገረኝ።»

«የአባቴም ወገን ከወገራ ነው» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «እናንተ ቤት ቁጭ ብዬ ስቆጥር ከኔ ዘር ጋር ቢገናኝስ? ካልቆጠርኩ አላውቅም። ካላወቅኩ ደግሞ እዚህ ደረጃ ላይ ትመጪያለሽ።»

አራት ቀን ሙሉ ስትነድ የኖረችው ሴት በረደች። ሐጊትን መፍራት በስንት ጣዕሙ። ሐጊትን መቅደም ይቻላል፤ የሞተ ምንጅላትን ማን ይቀድማል?

«ተነሥ» አለችው። «ወረቀትህን ያዝ።»

ማናለሽ ሁለቱን በር ላይ ስታያቸው ነጠላዋን አስተካከለች። ፊደል አታውቅም፤ ትውልድ ግን እንደ ጣቷ ታውቃለች። ሊያድም የራሱን አባቱ በቃል አስጠንቶታል።

«በል፣ አንተ ጥራ፣ እኔ እጠራለሁ» አለችው።

አንድ እሱ፣ አንድ ማናለሽ። በሦስተኛው ሙኒት የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። በአምስተኛው ሁለቱም አንድ አገር ጠሩ፤ ስሙ ግን ተለየ። በስድስተኛው ሊያድ ውኃ ጠጥቶ ቀጠለ።

«ሰባተኛ» አለች ማናለሽ።

«በዛብህ።»

«የኛ መኰንን።» ቀና ብላ ዐየችው። «የበዛብህን አባት ታውቀዋለህ?»

«ይርዳው።»

«የመኰንንም አባት ይርዳው ነው» አለች። «አንድ ሰው ናቸው። ጠመንጃ አንጣሪው ይርዳው።»

ማናለሽ በጣቷ ከላይ እስከ ታች ደግማ ቆጠረች፣ ሳትቸኩል፣ ሰው እየሞተባት እንዳልሆነ ሁሉ።

«ስምንተኛ ነው» አለች በመጨረሻ። «ስምንተኛ አያግድም። በአንድ ሰው አመለጣችሁ።»

ሊያድ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሙኒት እጁን ከፊቱ አወረደችው፤ ልታየው ፈልጋ ነው።

የትሁኔ የእህት ልጅ ከሁለት ወር በኋላ ሐዴራ ከተማ ተገኘች። ሊያድና ሙኒት በመከር ተጋቡ። አባ ገበየሁ ተቀምጠው አኮርዲዮናቸውን ተጫወቱ። ሐጊት ተጠርታ መጣች፣ በላች፣ ጨፈረች። አልዘፈነችም፤ ሙኒት በሠርጌ አይሆንም ብላ ነበር፣ ምክንያቱንም ማንም አልጠየቃት።

ከሦስቱ የመጀመሪያው ዘፈን የወጣ ዕለት ሙኒት ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ከፈተችው። መጀመሪያ ስሞቹን ዐየች። ግጥም ትሁኔ፣ ዜማና አኮርዲዮን ገበየሁ፣ ከነአባታቸው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችው፣ መውረጃዋንም አለፈች።

ሐጊት አሳምራ ዘፍናዋለች። ይህን ሙኒት ለባሏ እስከ ዛሬ አልነገረችውም።