የቅዳሜ ማለዳ ሙርሲክ

ጄሩቶ በቆሎ ማሳ ውስጥ ቁጢጥ ብላ፣ ጓደኞቿ በቀዩ መንገድ ሮጠው ሲያልፉ የእግራቸውን ኮቴ ትሰማለች። ኮቴው ራቀ፣ ከዚያም ጠፋ። ሆዷ ግን አልለቀቃትም፤ እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዝዛታል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ረጅሙ ሩጫ ግማሽ ላይ ሲደርስ እንዲህ ያደርጋታል።

ጓደኛዋ ቼሳንግ ከማሳው ጫፍ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። «አቦ ቶሎ በይ፣ ሞተሩ እየመጣ ነው» አለቻት።

ጄሩቶ እየተጎተተች ብቅ ስትል አሰልጣኝ ኪቤት ሞተራቸውን አቁመው እየጠበቁ ነበር። ምን እንደሆነች ሲጠይቁ ቼሳንግ ቀደመችና ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት ነው አለች። ጓደኛዋን ማዳኗ ነበር። አሰልጣኙ ጎንበስ ብለው እግሯን ጫን ጫን አደረጉት፤ ምንም እብጠት የለውም። ቢሆንም ቁርጭምጭሚቷ የዞረባት ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደማትሮጥ ነግረዋቸው ሄዱ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እንደ ሌላው ቅዳሜ አልነበረም። ለእረፍት ወራት ወደ ሥልጠና ካምፕ የሚገቡት ልጆች የሚመረጡት ያን ቀን ነው። ያልተመረጠች ልጅ እረፍቱን በቆሎ ስታርም ታሳልፋለች።

«ምን ልበላቸው ታዲያ፣ ሆዷን አሟት ማሳ ገብታለች ልበላቸው?» አለች ቼሳንግ ወደ ቤት ሲመለሱ። «ወንዶቹ ቢሰሙ እስክታገቢ ድረስ ስም ያወጡልሽ ነበር።» ከዚያ መላውንም ነገረቻት። ነገሩ ሁሉ የሚመጣው አያቷ ጠዋት ከሚያጠጧት የረጋ ወተት፣ ከዚያ ከሙርሲኩ ከሆነ፣ ኩባያውን ይዛ ወጥታ ለጥጃው መድፋትና አፏን እየጠረገች መመለስ ነው። «ፋራ አትሁኚ፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።»

ጄሩቶ እናቷ ለሥራ ኤልዶሬት ከተማ ከሄደች ጀምሮ ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። ኮጎ እያለች ነው የምትጠራቸው። ኮጎ ቅዳሜ ቅዳሜ ዶሮ ሳይጮህ ይነሱና በከሰል በታጠነው ቅል ውስጥ የረጋውን ሙርሲክ በትልቁ ኩባያ ሞልተው ይሰጧታል፤ ጨርሳ እስክትጠጣም ከአጠገቧ አይነቃነቁም። እውነታቸውን ነው። በዚያ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ ልጅ በባዶ ሆዷ እንዴት ትላካለች? ደግሞ ደክማ ብትወድቅ ማን ያያታል፤ ጥሻ ለጥሻ ነው የሚሮጡት። ከሽማግሌ እጅ የመጣ ወተት ደግሞ እምቢ አይባልም። መሬት ላይ መድፋትማ ሰው ተናድዶ እንኳ አያደርገውም።

ሰኞ ዕለት ጄሩቶ አሰልጣኝ ኪቤት ዘንድ ብቻዋን ሄደች። ቁርጭምጭሚቷ ደህና እንደሆነ፣ ያቆማት ሆዷ እንደሆነ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። ስለ ቼሳንግ አላነሳችም፤ እሳቸውም አልጠየቋት። የጠየቋት ምን እንደበላችና መቼ እንደሆነ ነው። አንድ ኩባያ ሙርሲክ፣ ልትወጣ ስትል፣ አለች።

አልሳቁባትም። እሳቸውም ያደጉት በሙርሲክ ነው፤ ከሩጫ በኋላ ሲሆን የሚስተካከለው የለም አሏት። ሰው ሲሮጥ ግን ደሙ ወደ እግሩ ስለሚሄድ ሆድ ያን ሁሉ የረጋ ወተት ማብላላት ያቅተዋል። ዓርብ ማታ የበቆሎ ገንፎዋን፣ ኡጋሊዋን ትብላ፣ ባቄላውንና ጎመኑን ግን ትተው። ጠዋት ማልዳ ተነስታ ትንሽ ዳቦ በስኳር ሻይ ይበቃታል። መንገድ ላይ ደግሞ ጥቂት ስኳርና ቁንጥር ጨው የገባበት ውሃ፣ ጥሙ ሳይጠናባት፣ ጉንጭ ጉንጭ እያደረገች።

«ቅዳሜ ትሮጫለሽ፤ ያን ቀን ግን እንዳትጀምሪው» አሏት። «ሆድም ልምምድ ይፈልጋል። ረቡዕ ሞክሪው።»

ረቡዕ ሞከረችው፤ ተበላሸባት። ጠማኝ ብላ ግማሹን ጠርሙስ በአንድ ትንፋሽ ገለበጠችው፤ ውሃው ሆዷ ውስጥ እንደ ጀሪካን እየተንቦጫቦጨ ጎኗን ወጋት። በማግስቱ በትንሽ በትንሹ ስትጠጣ ግን ሆድ እንዳላት እንኳ ረስታ ቤቷ ደረሰች።

የቀሩት ኮጎ ብቻ ነበሩ። ሐሙስ ልትነግራቸው አሰበች፣ አልሆነላትም። ዓርብም አልሆነላትም። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በድብቅ ዳቦዋን በልታ፣ ቀዝቃዛ ሻይ ጠጥታ ስትጨርስ ኮጎ ኩባያውን ሞልተው አቀበሏት። ጄሩቶ፣ ብርድ እንዳይመታቸው እሳቸው ከውስጥ እንዲቆዩ ነግራ፣ ውጭ ልጠጣው ብላ ይዛው ወጣች።

ጥጃው ሽታው ሲደርሰው አንገቱን አስረዘመ። ጄሩቶ ኩባያውን ዘንበል አደረገችው። የኮጎ ሳል ከውስጥ ተሰማት። እያሳላቸውም ለእሷ ብለው ነበር እኮ ማልደው የተነሱት። ኩባያውን አቃንታ፣ እንደ ሞላ ይዛው ተመለሰች።

«ምነው፣ ዝንብ ገባበት?» አሉ ኮጎ።

«አልገባበትም። ኮጎ፣ ይህን ጠጥቼ ስሮጥ ያመኛል። በቆሎ ማሳ ውስጥ እገባለሁ። ሌሎቹ ጥለውኝ ይሄዳሉ።»

«መቼ ነው ያመመሽ?»

«ሁልጊዜ። ቅዳሜ ቅዳሜ።»

ኮጎ ቀና ብለው አዩዋት። «እያመመሽ ነው ስትጠጪ የከረምሽው?»

«እርስዎ ሲሰጡኝ ምን ልበል?»

አሮጊቷ ኩባያውን ከእጇ ተቀብለው የሚያስቀምጡበት ቦታ የጠፋቸው መሰሉ። በባዶ ሆዷ ልትሮጥ እንደሆነ ጠየቁ። ዳቦ መብላቷን ስትነግራቸው ዳቦ ደግሞ ምግብ ነው ወይ አሉ። ወድቃ ብትቀርስ፣ ማን ያነሳታል? እናቷስ ምን ትላለች? ጄሩቶ የስኳርና የጨው ውሃውን ነገረቻቸው፤ ዳገቱ ሥር ድንጋይ ላይ ልታስቀምጠው እንደሆነም አስረዳች። ኮጎ ሙርሲኩን ወደ ቅሉ መገልበጥ ያዙ። ከፍቷቸው ይሁን ሰምተዋት ይሁን ሳታውቅ ወጣች።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ጄሩቶ ከፊተኞቹ ጋር ነበረች፤ ቼሳንግ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርታለች። አሰልጣኙ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሞተራቸውን አቁመው ይጠብቃሉ፤ የሚመርጡት እዚያ ቀድመው የሚደርሱትን ነው። ጄሩቶ ማለዳ ያስቀመጠችው ጠርሙስ ድንጋዩ ላይ አልነበረም። ኮጎ ነበሩ የተቀመጡት፤ ጠርሙሱን፣ ውሃው እንዳይበርዳት ብለው፣ ጋቢያቸው ውስጥ ታቅፈውታል።

«ጠጪው ልጄ» አሉ፣ አብረዋት ለመሮጥ እየሞከሩ። «ሁሉንም ጠጪው፣ ከንፈርሽ ደርቋል።»

ውሃው ሞቅ ብሏል። ጄሩቶ አንድ ጉንጭ ጠጣች፣ ደገመች። የኮጎ ዓይን ጠርሙሱ ላይ ነው፤ ባዶ ሆኖ ሊያዩት ይፈልጋሉ። «ይበቃኛል፣ ኮጎ» ብላ ብዙም ያልጎደለውን ጠርሙስ መልሳ እጃቸው ላይ አኖረችና ወደ ዳገቱ ዞረች።