የግድግዳው ዘፈን

መርማሪዋ በሥራ ሰዓት ስልኳ ሲጮህ መጀመሪያ ዓይኗ ላይ የሚመጡባት የራሷ ልጆች ናቸው። «አንድ ወጣት ወድቆ ሞቷል» ሲሏት አስቀድማ የጠየቀችው ምን እንደለበሰ ነበር።

«ጥቁር ጃኬት፤ መርፌ ቁልፍ በመርፌ ቁልፍ ነው።»

ልጇ ጥቁር ጃኬት የለውም። ተነፈሰች። ወዲያው ደግሞ በመተንፈሷ አፈረች፤ ይህን ወሬ ሰምታ የማትተነፍስ እናት አንድ ቦታ አለች።

ሟቹ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለ መጋዘን፣ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል። ጓደኞቹ «ጉሮሮ» ይሉታል። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ያቋቋሙት «ዝገት» የተባለ የፓንክ ሮክ ባንድ ዘፋኝ ነበር። ከበላዩ ከሳንቃ የተሠራ ከፍ ያለ ቆጥ አለ፤ ሁልጊዜ የሚዘፍነው እዚያ ላይ ቆሞ ነው። ቆጡ አጥር የለውም። በአጥር ፈንታ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ የጭነት ቀበቶ ነበረው። አሁን ለሁለት ተከፍሎ ተንጠልጥሏል።

«የአዲሱ ዘፈናችን አዝማች ላይ ሲደርስ በሙሉ ክብደቱ ቀበቶው ላይ ይጣላል፤» አለ «ዱላ» የሚሉት ከበሮ መቺ። «ሁሌም እንደዚያ ነው። ዛሬ ግን አልያዘውም።»

መርማሪዋ ቆጡ ላይ ወጥታ የቀበቶውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። በምላጭ ተቆርጧል፤ ከዚያም በቀጭን ነጭ ክር ተመልሶ ተሰፍቷል። ከሩቅ ለሚያየው ደህና ቀበቶ ነበር።

«መርፌ የምትይዘው ከእኛ መሃል አንዷ ብቻ ናት!» ዱላ ጣቱን ወደ ቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ቀሰረ። ፀጉሯን እንደ እሾህ ስለምታቆም «ጃርት» ይሏታል። «ጃኬቶቻችንን የምትሰፋው እሷ ናት። በቀደም ‹እገድልሃለሁ› ብላዋለች።»

«ዓይንህን በጨው ታጥበህ!» ጮኸች ጃርት። «ከባንዱ ሊያባርር የነበረው አንተን አይደለም?»

«ይህን ያደረገ በእጄ ይግባ ብቻ! ፖሊስ ኖረ አልኖረ፣ ከዚሁ ቆጥ ላይ ነው የምወረውረው።»

በር ላይ ከቆሙት ፖሊሶች አንዱ ካቴናውን አወጣ። «ልጅቷን እንውሰዳት?»

«ቆይ።» መርማሪዋ በጃርት ጃኬት ላይ የተጣፈውን ጨርቅ ይዛ በኃይል ጎተተች። ንቅንቅ አላለም። ክሩ ወፍራም፣ ስፌቱም ጠማማ ነው። «ስፌት ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። እማማ ሰፊ ባዩት ቁጥር ‹ጨርቅ ነው ወይስ ጆንያ የምትሰፊው?› ይሉኛል።»

«እማማ ሰፊ?»

ጃርት በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «የመጋዘኑ ባለቤት ናቸው፤ ልብስ ሰፊዋ። ‹ፊ›ን አላልተን ነው የምንጠራቸው። ዱላ አንድ ቀን አጥብቆ ቢጠራቸው ‹ወፍራም ልትለኝ ነው?› ብለው በሜትራቸው ገረፉት።»

«መጋዘኑን ለምን ሰጧችሁ?»

ፈገግታው ጠፋ። «የሚጢጢ እናት ናቸው። ሚጢጢ ጊታር ተጫዋቻችን ነበር። አምና ከጉሮሮ ጋር ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ‹እሱ ባይኖር ጩኸታችሁ ይኑርልኝ› ብለው ቁልፉን ሰጡን።»

መርማሪዋ ወደ ስፌት ቤቱ ተሻገረች። ሴትዮዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ከስፌት መኪናዋ ጋር ተቀምጣለች። እግሯ መርገጡን አላቆመም።

«ጉሮሮ ልጄ ነበር፤» አለች ቀና ሳትል። «ሁለተኛ ልጄ።»

«አዲሱን ዘፈኑን ሰምተውታል?»

«ከግድግዳ ማዶ ምን ይሰማል? ቆርቆሮ እንደሚጎትቱ ነው። ቃል አይለይም።»

«ሲዘፍኑ ገብተው አያውቁም?»

«ምን ልሠራ? ሲሄዱ ገብቼ እጠርጋለሁ እንጂ።»

ጠረጴዛው ላይ እጅጌው ገና በነጭ ክር የተያያዘ ኮት አለ። መርማሪዋ አነሳችው። «ይህ ስፌት ይይዛል?»

«እሱማ መወስወሻ ነው። ልብሱ እስኪለካ ነው፤ ሳብ ሲያደርጉት...» የሴትዮዋ እግር መርገጡን ተወ። መኪናውም ቆመ።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ በጉሮሮ እጅ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ስንኝ አለ፦

ጣሪያው ጫፍ ላይ እኔ እገፋለሁ
እሱ ይወድቃል

«ተራ በተራ አንብቡልኝ።»

ዱላ አነበበ። ጃርት አነበበች። ሴትዮዋ ጥርሷን ነክሳ አነበበች።

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። «ቀበቶውን የሰፋች እጅ ስፌቷ እንደ መኪና እኩል ነው። የጃርት ስፌት ጠማማ ነው፤ ደግሞም አይበጠስም። ዱላ መርፌ አይዝም። እጁን አገኘሁ፤ ያጣሁት ምክንያቱን ነበር። አሁን ሰማሁት። ልጆቹ የ‹እገፋለሁ›ን ‹ፋ› አጥብቀው ነው ያነበቡት፤ ዘፋኙ ሲዘፍነው ሰምተዋል፣ ተገፊው እሱ ነው። እርስዎ ግን አላልተው አነበቡት። ሲላላ ዘፋኙ ገፊ ይሆናል። እንደዚያ የሚያነብ ዘፈኑን በዓይኑ ብቻ ያወቀ ሰው ነው። እሱም እየጠረገ ያነበበ ነው።»

ሴትዮዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ልጄን ገፍቶ ገደለ፤ አልበቃው ብሎ ቤቴ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ጻፈው። እኔ ደግሞ ከሥሩ ስጠርግ! ለማን ልክሰስ? ዘፈን ነው ይሉኛል። ልጄ እንደወደቀ ይውደቅ አልኩ፤ ወደቀ። ዱብ ሲል ሰምቻለሁ። እሰይ ነው ያልኩት!»

«እማማ...» አለች ጃርት። «ጉሮሮን የሚገፋው አባቱ እኮ ነው። በየቀኑ ይደበድበው ነበር። ያን ቀን ጣሪያው ላይ የወጣው ራሱን ሊጥል ነው። ሚጢጢ ተከትሎት ወጥቶ ወደ ኋላ ጎተተው። እሱን አተረፈና ራሱን አዳለጠው። ጉሮሮ ይህን ፊት ለፊት ሊነግርዎት አቃተው። ግድግዳዎ ላይ የጻፈው እርስዎ እንዲያነቡት ነው።»

ዱላ ጡጫውን ጨብጦ እስከ ሴትዮዋ ፊት ድረስ ሄደ። እጁ ግን አልተነሳለትም።

ሴትዮዋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉን አንዴ አላልታ፣ አንዴ አጥብቃ። ሁለተኛውን ስትለው መዳፏን ቃሉ ላይ ለጠፈች፤ ፖሊሶቹ ክንዷን ይዘው ወሰዷት። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እንዴት ነበር የሚለው?» አለች። «እስቲ አንዴ እንደ እሱ አድርጋችሁ...»

ጃርት አፏን ከፈተች። ዱላ ክንዷን ያዛት።

«አትሰሚውም፤» አለ ሴትዮዋን።

ከሚጢጢ ጋር ገና በልጅነቱ ቤቷ መግባት ከጀመረ አንስቶ፣ ዱላ «አንቺ» ሲላት የዛሬው የመጀመሪያው ነው።